ከጦር ሜዳ የተገኘ መሣሪያ በታሪክ ትምህርት ውስጥ ያለው ስፍራ

ተማሪዎች የጦርነት ቤተ መዘክር እንዲጎበኙ በሚደረግበት ጊዜ ዐይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው ግዙፍ በሆነው መሣሪያ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። በሎንዶን ከተማ የሚገኘው ኢምፔሪያል የጦርነት ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1917 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚገኘው ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። በበሩ ፊት ለፊት ሁለት የ15 ኢንች የመርከብ መድፎች ቆመዋል። ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ጎብኚ ሁሉ በእነርሱ ሥር ያልፋል፤ ሲወጣም ከሁሉ ይልቅ እነርሱን አስታውሶ ይሄዳል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠው ትንሽ ቀለህ ፊት ለፊት ግን ብዙ ሰው አይቆምም። መምህሩ ተማሪዎቹን በዚያ ሣጥን ፊት ለማቆም ካልቻለ ጉብኝቱ ከሽርሽር የተለየ ፍሬ አይኖረውም።

ለዚህ ጉዳይ ከአገራችን ታሪክ ከመቅደላ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በገፋት ያሰባሰቧቸውን የውጭ አገር ባለ እጆች መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ሚሲዮናውያኑ የእጅ ሙያ እንጂ የመድፍ ሥራ የሚያውቁ አልነበሩም፤ ሥራውን የተማሩት እየሞከሩና እየተሳሳቱ ነበር። የመጨረሻውና ትልቁ መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለረጅም ጊዜ በተከበበችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለመጎተት ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። በዚያ ጉዞ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል፤ መድፉ የጅዳንና የበሽሎን ገደላገደል ወርዶ ወጥቷል። ሴባስቶፖልን ለመጎተት የተጠረገው ይህ መንገድ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዓላማ፣ ስለ ሠራዊታቸው ብዛትና ስለ ድካሙ ከመድፉ ባላነሰ ሁኔታ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ የጦርነቱን ውጤት የወሰነው ሴባስቶፖል አልነበረም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በእሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በውጊያ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት ስናይደር የተባለው ጠመንጃ ነበር። ይህ ጠመንጃ እንደ ቀድሞዎቹ ባሩድና እርሳስ በአፈ ሙዙ የሚጠቀጠቅበት ሳይሆን ጥይቱን ከኋላ በኩል የሚጎርስ ነበር። ስለዚህ አንድ ወታደር አፈ ሙዝ አጉራሹ ባላጋራው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሚተኩስበት ጊዜ ውስጥ እርሱ ብዙ ጊዜ ይተኩስ ነበር። በዚያን ዕለት ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዞቹ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ሲያዝ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ቀደም ሲል ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እንግዲህ ተማሪው በዐይኑ የሚያየው ግዙፉን መድፍ ሲሆን፣ ሊያውቀው የሚገባው ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚነገት ቀላል ጠመንጃ ያደረገውን ለውጥ ነው። የሁለቱ ልዩነት የጀግንነት ልዩነት አይደለም፤ የማምረቻ ኃይል ልዩነት ነው። ስናይደር በፋብሪካ በሺህ እየተቆጠረ ሲወጣ፣ ሴባስቶፖል ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ንጉሥ ፈቃድና በጥቂት ሰዎች እጅ ተቀልጦ የቀረ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ እንደ ቤተ መዘክር ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ «ስናድር» የሚለው ቃል ከዚሁ ጠመንጃ ስም የመጣ ሲሆን፣ «ውጅግራ» ደግሞ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የተወረሰ ነው። ተማሪዎች በፉከራና በሽለላ ውስጥ የሚሰሟቸውን የመሣሪያ ስሞች ይዘው እንዲመጡና ምንጫቸውን እንዲያጠኑ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በአገራችን የጦር ሜዳ መሣሪያ በቤተ መዘክር ውስጥ በብዛት ያልተገኘበት ምክንያትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የተማረከ መሣሪያ ለመታያ አይቀመጥም ነበር፤ ወዲያው ለሚቀጥለው ዘመቻ ይውላል። ናፒየር ከአገር ሲወጣ ላደረጉለት እርዳታ ለደጃዝማች ካሳ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መድፎችንና 850 ያህል ጠመንጃዎችን ሰጣቸው። እነዚህም በ1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ለመንሣት ረድተዋቸዋል። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረኩት በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎች የዮሐንስን ሠራዊት አስታጠቁ፤ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ 500 ያህል የጣልያን ወታደሮችን የደመሰሱትም የዚሁ ሠራዊት አለቃ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከውጫሌ ውል፣ ማለትም ከ1881 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ጣልያን ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት ሰጥታለች። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ወራሪው ጦር ይዞት የዘመተውን 56 መድፍ በሙሉ አጣ፤ በወታደሮቹ እጅ የነበረው የቬተርሊ ጠመንጃም በሺህ እየተቆጠረ ተማረከ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ አርበኞች ከጣልያን ጦር ጋር ሲዋጉ ከያዟቸው ያረጁ ጠመንጃዎች መካከል ይኸው የጣልያን ቬተርሊ ይገኝበት ነበር።

በእንዲህ ያለው ጠመንጃ በርሜል ላይ የተሠራበት ፋብሪካ ስምና ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ ይገኛል። ማኅተሙ የትውልድ ቦታውን ይናገራል፤ ማን እንደ ያዘው፣ የት እንደ ወደቀና ማን እንዳነሣው ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የመጨረሻው ባለ ንብረት ወይም ልጁ ነው። እርሱ ሳይጠየቅ መሣሪያው ወደ ቤተ መዘክር ቢገባ የሚገባው ብረቱና እንጨቱ ብቻ ይሆናል።

አንድ መሣሪያ የተገኘበት ቦታ በጥንቃቄ ሲመዘገብ ምን ያህል እውቀት እንደሚገኝ በአሜሪካ የሊትል ቢግሆርን ጦር ሜዳ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1876 ኮሎኔል ከስተርና አብረውት የነበሩት ወታደሮች በሱና በቼየን ተዋጊዎች በተደመሰሱበት በዚያ ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተነሣ ቃጠሎ ሣሩን ጠርጎት መሬቱ ተራቆተ። በሚቀጥለው ዓመት የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እየተረዱ እያንዳንዱን ቀለህና እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት ቦታውን በካርታ ላይ መዘገቡ። የጠመንጃ መርፌ በቀለሁ ላይ የሚተወው ምልክት ከጠመንጃ ወደ ጠመንጃ ስለሚለያይ፣ አንድ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ ወደየት እንደ ሄደ ለመከተል ተቻለ። ከስተር ወታደሮቹን ያስታጠቀው አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና የሚጎርስ ካርባይን ሲሆን፣ በተዋጊዎቹ እጅ ግን ሄንሪና ዊንቸስተር የተባሉ ደጋጋሚ ጠመንጃዎች በርከት ብለው እንደ ነበሩ ተረጋገጠ። ለመቶ ዓመት የተጻፈው በአብዛኛው የአንደኛው ወገን ታሪክ ነበር፤ ቀለሁ የሁለተኛውን ወገን እንቅስቃሴ አሳየ። አስቀድሞ አንድ ጎብኚ ያንን ቀለህ ለማስታወሻ በኪሱ ከትቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀም ነበር።

በዚህ መሠረት መምህሩ ለጉብኝት ከመነሣቱ በፊት ለተማሪዎቹ ረጅም ገለጻ ማድረግ አያስፈልገውም፤ በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መሣሪያው ሜዳ ላይ የተገኘ ነው ወይስ አምሳያ? ማን ሠራው፣ ማን ገዛው፣ ማን ማረከው? ለመጎተቻው፣ ለጥይቱና ለስንቁ የደከመው ማን ነው? በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ለእንዲህ ያለው ሥራ ሰፊ መስክ ይሰጣል። ወደ ሙዚየም ለመሄድ ለማይችሉ የመዲናይቱ ትምህርት ቤቶችም በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያ በእግር የሚደረስበት ነው። ተማሪው ክብደቱን እንዲገምት፣ ከዚያም ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለውን መንገድ በካርታ ላይ እንዲለካ ማድረግ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ሥራ ነው።

የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገውታል፤ ከምርኮውም ብዙው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ከቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በሎንዶን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሴባስቶፖል ግን የሚያነሣው ስላልተገኘ፣ በዚያው በመቅደላ አምባ ላይ ቀርቷል።