ፋይሉን ማን በላው?

ስሙኝማ። የኮልፌ ቀራኒዮው ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሞ ነበርና ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ሥራ ጀመረ፤ ገበሬዎቹ አቤት አሉ፤ ዓመት ሳይሞላው መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ክምሩ ተናደና ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ወደ አሮጌው መመለስ የሚያዋጣው አሮጌው ደኅና ሲሆን ነው።

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ሰዎች ግን አሮጌያቸው ደኅና ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 2011 የሊኑክስ ከርነል 4.19 ወጣ። ከርነል በፕሮግራሞቹና በዲስኩ መካከል ቆሞ የሚያስተናብረው የሲስተሙ እምብርት ነው። ብዙም ሳይቆይ የአንዳንዱ ሰው ፋይል ይበላሽ ጀመር፤ ወደ 4.18 ሲመለስ ግን ሰላም! በሉ ፍረዱ፣ ማን ይጠርጠር? ስህተቱን እየጮኸ የሚናገረው ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ኢኤክስቲ4 የተባለው ፋይል ሲስተም ነውና ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። የሚጮኽ ሁሉ ሌባ ይመስል! የኢኤክስቲ4 ኃላፊ ቴድ ጾ በራሱ ማሽኖች ቢሞክር ቢሞክር ችግሩ አልመጣለትም።

በሁለቱ ቨርዥኖች መካከል 14 ሺህ ገደማ ለውጥ አለ። አንድ በአንድ ማን ይዘልቀዋል? ዘዴው ለሁለት መክፈል ነው። መሃል ላይ ያለውን ከርነል ትጭናላችሁ፤ ካበላሸ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ አይደለም፣ ካላበላሸ ከዚያ በኋላ የገባ ነው፤ የቀረውንም እንደገና ለሁለት። 14 ጊዜ ያህል ቢከፈል አንድ ለውጥ ይቀራል። ጣጣው ጥፋቱ ሲያሰኘው ብቻ ብቅ ማለቱ ነው። ዛሬ አላበላሸም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አንዴ «ንጹሕ» ብላችሁ ከተሳሳታችሁ ቀሪው ፍለጋ ሁሉ መንገድ ይስታል።

ጥፋቱ የተገኘው ከኢኤክስቲ4 በታች፣ ትእዛዞችን ወደ ዲስክ በሚያስተላልፈው ክፍል ውስጥ ነበር። ለፍጥነት ሲባል ትእዛዝ ሳይሰለፍ በቀጥታ እንዲሄድ ተፈቅዷል። ዲስኩ «ሥራ ላይ ነኝ» ካለ ትእዛዙ ወደ ሰልፍ ይመለሳል፤ እዚያም ከጎረቤቱ ትእዛዝ ጋር ይዋሃዳል። ግን ምን እንደሚነበብ ወይም እንደሚጻፍ የሚናገረው ዝርዝር ከመዋሃዱ አስቀድሞ ተሞልቶለታል! ሲላክ የሚነበበው ወይም የሚጻፈው የመጀመሪያው ድርሻ ብቻ ነው፤ የተጨመረው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የከርነሉ ፕሮግራመር ጄንስ አክስቦ የጻፈው እርማት በኅዳር 2011 መጨረሻ በ4.19.8 ወጣ። እርማቱ ግን የተበላሸ ፋይል አይመልስም፤ ቅጂ ያልነበረው ሰው 4.18 ቢጭንም 4.19.8 ቢጭንም ያው ነው። እናንተም ሲስተማችሁን ከማደሳችሁ በፊት ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ያዙ።