የመቅደላው ሞትና የሰው ፍርድ



የአንድ ንጉሥ ሞት አንድ ሲሆን፥ መርዶውን የሚሰማው ጆሮ ግን ብዙ ነው። ከእጁ በጎ ያየ ያለቅሳል፤ ክፉ ያየ እፎይ ይላል። ይህንን ለመረዳት የዐፄ ቴዎድሮስን አሟሟት መመልከት ይበቃል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግሥት፥ የጄኔራል ናፒየር ጦር የመቅደላን በር ጥሶ በገባ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ መስጠትን ተጠይፈው፥ ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ ለማስታወሻ ሲሉ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ጠጉራቸውንም ቈረጡ። ናፒየርም በአገሩ የመቅደላ ባሮን ተብሎ ተሾመ።

በአገራችንስ እንዴት ነበር? የዋግሹም ጎበዜ አባት፥ ዋግሹም ገብረ መድኅን፥ በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለዋል። የጎንደር ሰው በ1859 ዓ.ም. ከተማው ሲቃጠል፥ አብያተ ክርስቲያናቱም ሲዘረፉ አይቷል። አቡነ ሰላማ በመቅደላ እንደ ታሰሩ ዐርፈዋል። ንጉሡ ከመሞታቸው ከአራት ቀን በፊትም ብዙ እስረኞች በእስላምጌ ገደል ተወርውረዋል። የእነዚህ ወገን እፎይ ቢል ማን ይፈርድበታል?

በሌላው ወገን፥ ፊታውራሪ ገብርዬን የመሰሉ ታማኞች ለንጉሡ ሲሉ በእሮጌ ሜዳ ወድቀዋል። ራስን መግደል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ኃጢአት ሲሆን፥ አዝማሪው ግን ሞታቸውን የወንድ ሞት አድርጎ ገጠመ። ሥጋቸውም በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ።

ዘመን ሲያልፍ ኀዘኑና ፍቅሩ በረታ። የንጉሡን በትር የቀመሱት ሰዎች አለፉ፤ የባዕድ ወታደር የቈረጠው ጠጉር ግን የሁሉ ቁስል ሆኖ ቀረ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴአትር፥ ብርሃኑ ዘሪሁንም በ«የቴዎድሮስ ዕንባ» መጽሐፉ ንጉሡን ለአዲሱ ትውልድ አቀረቡት። ያ ጠጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን ሙዚየም ሲመለስ፥ ከጎንደሬው የልጅ ልጅ ዘንድ የተሰማው ክብር እንጂ ቂም አልነበረም ብንል ከእውነት አንርቅም።

እንግዲህ የታሪክ ፈራጅ ምን ያድርግ? ያለቀሰውን ሞኝ፥ እፎይ ያለውንም ከሐዲ አይበል። ሁለቱም ያዩትን መስክረዋል። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣውን አሳብ የምናከብር ከሆነ፥ በእስላምጌ ገደል የቀሩትንም ልንረሳቸው አይገባም። ምስክር ሁሉ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ፥ በችሎትም ሆነ በታሪክ፥ ይግባኝ አያጣም።