ተሰባሪውን ኦክሳይድ ወደ ኤሌክትሪክ ገመድ የሚለውጠው የተን ልባጥ

የኤሌክትሪክ ኃይል በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ሽቦ ሲጓዝ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ልዕለ አስተላላፊ ወይም ሱፐርኮንዳክተር የሚባሉት ቁሶች ግን ከተወሰነ የሙቀት መጠን በታች ሲቀዘቅዙ ቀጥተኛ ጅረትን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋሉ።

ክስተቱን እ.ኤ.አ. በ1911 በሜርኩሪ ላይ ያገኙት ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ናቸው። ሜርኩሪ ይህን ባሕርይ የሚያሳየው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ፣ ለማቀዝቀዝ ውድ የሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በስዊዘርላንድ ጌኦርግ ቤድኖርዝ እና አሌክስ ሙለር የመዳብ ኦክሳይድ ውሁድ ከቀድሞዎቹ በላቀ ሙቀት ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን አመለከቱ፤ በቀጣዩ ዓመትም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው በ1987 በአሜሪካ የተገኘው የይትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ደግሞ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ። ይህን ቁስ ለማቀዝቀዝ ዋጋው አነስተኛ የሆነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል።

ሆኖም ኦክሳይዱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ እንደ መዳብ ተስቦ ሽቦ አይሆንም። ጎን ለጎን ያሉት የክሪስታል ቅንጣቶች አቅጣጫቸው ከተዛነፈም የሚያሳልፉት ጅረት በእጅጉ ይቀንሳል።

መፍትሔው ኦክሳይዱን በሚተጣጠፍ የኒኬል ቅይጥ ጥብጣብ ላይ በስሱ መለበጥ ነው። በቅድሚያ ጥብጣቡ ክሪስታሎቹ በአንድ አቅጣጫ በተደረደሩ ማግኒዥየም ኦክሳይድና በሌሎች ስስ የኦክሳይድ ንብርብሮች ይሸፈናል። እነዚህ ንብርብሮች የቅይጡ ብረቶች ወደ ላይ እንዳይሰርጉ ይከላከላሉ፤ ለሚቀጥለው ሽፋንም የአደራደር ቅርጽ ይሰጣሉ።

ቀጥሎ ይትሪየም፣ ባሪየምና መዳብ የያዙ ኦርጋኒክ ውሁዶች በሙቀት ተንነው፣ ከኦክስጅን ጋር ዝቅተኛ ግፊት ወዳለው ዝግ ክፍል ይገባሉ። ተኑ ከ700 ዲግሪ በላይ የጋለውን ጥብጣብ ሲነካ ውሁዶቹ ይፈርሳሉ፤ ኦርጋኒክ ክፍላቸው በጋዝ መልክ ሲወጣ ብረቶቹ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው የታችኛውን ንብርብር አደራደር ተከትለው ያድጋሉ። የሽፋኑ ውፍረት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ጥብጣቡ ሳይቋረጥ በክፍሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ረጅም ምርት ማውጣት ይቻላል።

በዚህ ሂደት እጅግ አስቸጋሪው የባሪየም ውሁድ ነው፤ በቀላሉ አይተንም፣ በሙቀት ብዙ ሲቆይም ይበላሻል። መጠኑ ሲዋዥቅ የሽፋኑ ጥራት ይጓደላል። በመጨረሻም ጥብጣቡ በኦክስጅን ውስጥ ዳግም ይሞቃል፤ በቂ ኦክስጅን ያላገኘ ኦክሳይድ ልዕለ አስተላላፊነቱን ያጣልና። ከዚያም በብርና በመዳብ ይለበጣል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በኒውዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ፣ 350 ሜትር ርዝመት ካለው ልዕለ አስተላላፊ ገመድ ውስጥ 30 ሜትሩ በዚህ ዓይነት ጥብጣብ ተተክቶ ከኃይል መረቡ ጋር ተገናኝቷል። ቴክኖሎጂው በስፋት ይሠራበት ዘንድ የማምረቻና የማቀዝቀዣ ወጪው መቀነስ፣ ጥራቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን ይኖርበታል፤ የጥብጣቡን ሙሉ አቅም የሚወስነው እጅግ ደካማው ስፍራ ነውና።