ይፋት የት ነው?

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሣንና ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት አገኘነው፤ ሾፌራችንም መብራቱን አብርቶ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ በቀስታ አለፈና፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ሆነ፤ ደብረ ሲና ላይ ጋቢያችንን አወለቅን፣ ቀጥለን ሹራባችንን፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሙቀቱ ተቀብሎን መስኮቱን ሁሉ ከፈትን።

ከጎኔ አንዲት የአጣዬ ተማሪ የታሪክ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለፈተና ትሸመድዳለች። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዛጉዌን ጥሎ ነገሠ፤ ንጉሥ ዓምደ ጽዮን በ1332 ይፋትን ወጋ። እኔም በልጅነቴ የሸመደድኩት ይህንኑ ነው። ከኋላችን ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አንድ የአርጎባ አዛውንት ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይፋት ያልሽው የት ነው?» አሏት። እሷም ገጹን ገለባብጣ ካርታ ስትፈልግ፣ እሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው በመስኮቱ ወደ ቆላው ጠቆሟት።

መጽሐፎቻችን ይፋትን ረሱት አልልም። ጦርነት ሲመጣ ይመጣል፣ ጦርነቱ ሲያልፍ ይጠፋል እንጂ። ይፋትን የገዛው የወላስማ ቤት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የዘይላን የንግድ መንገድ ሲይዝ፣ ካይሮ የነበረው ጸሐፊ አል ዑመሪም ስለ ይፋት ሲጽፍ፣ ያ ሁሉ የዚህችው አገር ጉዳይ ነበር። ዓምደ ጽዮን ራሱ የይፋቱን ገዥ ሰብረዲንን ድል ካደረገ በኋላ በቦታው የሾመው የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው፤ ይፋት ባዕድ ቢሆን ኖሮ ከዚያው ቤት ይሾም ነበር?

የታሪክ መጽሐፍ ነገር የዛሬም ጉዳይ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የታሪክ ሞጁል ምሁራኑን ሲያከራክር ከረመ፤ በ2013 ደግሞ አጣዬ በግጭት ተቃጠለች። መጽሐፍ አቃጠላት አልላችሁም። ግን እዚያ ያደገ ልጅ ሠፈሩን በመጽሐፉ የሚያገኘው በጦር ሜዳነት ብቻ ከሆነ፣ ጎረቤቱን በምን ዓይን ያየዋል?

ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ቆምን፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገፋፋል፣ ይከራከራል፣ ይሸጣል። አዛውንቱ ወረዱ፤ ልጅቷም ከዘራቸውን በመስኮት አቀበለቻቸው።

የይፋት መምህራን ሆይ፣ የጥንቷ ኖራ ከተማ መስጊድ ፍርስራሽ እዚሁ ቆላችን ውስጥ ነው። ልጆቹን ከፈተናው በፊት ወስዳችሁ አሳዩአቸው።