መቀስ በኢሉባቦር

መቀስ የተባለው መሣሪያ በመቱና በጎሬ፣ በበደሌና በቡሬ የታወቀ የቤት ዕቃ ነው። ስሙ ግን የእንግዳነቱን ምልክት ይዞ ይኖራል፤ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነውና። ምላጭ የአገር ልጅ ነው፤ በግዕዝ መላጺ ከሚባለው ጋራ አንድ ሥር አለው። መቀስ ሳይበዛ በፊት ጠጕር በምላጭ ይላጭ፣ ብራና በካራ ይቈረጥ ነበር። ሸማም ከሸማኔው እጅ በልኩ ስለሚወጣ ጠርዙ ከጠርዙ ጋራ ይሰፋል እንጂ ብዙ መቍረጥ አያስፈልገውም።

ነገሩን የለወጠው የባሮ ወንዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ፤ ይህም ጋምቤላ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም መጥቶ ጨርቅና ጨው ያራግፋል፤ የኢሉባቦርንም ቡና ጭኖ ይመለሳል። የራስ ተሰማ ናደው ከተማ የነበረችው ጎሬ የዚህ ንግድ መናኸሪያ ሆነች፤ ግሪኮችና ሌሎችም የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ከፈቱባት። አቡጀዲ በጣቃ በመጣበት አገር መቀስ ሳይከተለው አይቀርም፤ ልብስ ሰፊ ያለ መቀስ ምን እጅ አለው?

የመቀስ ጥበቡ ከችንካሩ ላይ ነው። ሁለቱ ስለቶች በጥቂቱ የጐበጡ ስለ ሆኑ ሲዘጉ የሚነካኩት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ያችም ነጥብ ከችንካሩ ተነሥታ እስከ ጫፉ ትሄዳለች። ችንካሩ የላላ እንደ ሆነ ጨርቁ ይታጠፋል እንጂ አይቈረጥም። በዚህ ሥራ የእንግሊዙ ሸፊልድና የጀርመኑ ዞሊንገን ስማቸው የተጠራ ነው።

ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና መጥረቢያ የሚሠራው የአገራችን ሰው ለዚህ እጁ አያንስም ነበር። ያነሰው ክብሩ ነው። በኦሮምኛ ቱምቱ፣ በአማርኛ ቀጥቃጭ ተብሎ፣ ይልቁንም ቡዳ ነው እየተባለ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ልማድ ግን አዋጁን ቶሎ አልሰማም። ማረሻውን ከቱምቱ ተቀብሎ ማዕዱን የሚከለክለው ሰው፣ የባሕር ማዶ ቀጥቃጭ የሠራውን መቀስ የቡናውን ዋጋ ከፍሎ በደስታ ይገዛ ነበር። የሸፊልዱን ሠራተኛ ቡዳ ያለው ማንም የለም።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ የጋምቤላ ይዞታ አበቃ። ንግዱ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መንገድ ዞረ፤ የኢሉባቦርም ዋና ከተማነት ውሎ አድሮ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። መቀሱም በወንዝ መምጣቱ ቀርቶ በመኪና የሚመጣ ሆነ።