ለተቅማጥም ክትባት አለው?

ባለፈው ክረምት ከማኅበራችን አባላት አንዷ የሁለት ወር ልጇን ይዛ እዚሁ ረሆቮት ወዳለው ጢፓት ሐላቭ ስትሄድ አያቷም አብረዋት ሄዱ። ነርሷ መርፌዎቹን ከመውጋቷ በፊት ከትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ጣፋጭ ፈሳሽ በልጁ አፍ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገች። አያትየዋ መርፌውን ያውቁታል፤ ይሄኛውን ግን አላወቁትም። «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» አሉ። «የሺልሹል ነው፣ እማማ። የተቅማጥ።» ዝም አሉ። ቤት እስኪገቡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ነው «ለተቅማጥም ክትባት አለው?» ያሉት።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችን ይቺ ጥያቄ ናት። እናቶቻችንን ስንት ልጅ ወለዱ ብለን ስንጠይቅ የሚመልሱልን ሁለት ቁጥር ነው፤ «ስምንት ወልጄ አምስት ደረሱልኝ» ይሉናል። ስለደረሱት እናውቃለን፤ እኛው ነን። ስላልደረሱት የምንሰማው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «አስቀመጠው፣ አስመለሰው፣ በሦስተኛው ቀን ሄደ።» ከዚያ ወሬው ይለወጣል። እኛም አንጠይቅም። ዘንድሮ ግን ለመጠየቅ ወሰንን። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።)

በጎንደር ገጠር ይህን በሽታ የማያውቅ ቤት አልነበረም። ሕፃኑ መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ያተኩሳል፤ ቀጥሎ እንደ ውኃ ያስቀምጠዋል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ እርግብግቢቱ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ጥርሱ ሊወጣ ነው ይባላል፤ ግጉን ያስቧጥጡለታል፣ እንጥሉን ያስቆርጡለታል። ቡዳ በላው የሚልም አለ። ወተቷ ተበላሽቶበት ነው ተብሎ እናቲቱ ጡት እንድትከለክለው ትመከራለች። ውኃም ይከለከላል፤ ከላይ የገባው ወዲያው ከታች ሲወጣ እያዩ መስጠቱ ምን ይጠቅማል? ነገሩን ዛሬ ስንሰማው ያሳዝናል እንጂ አያስቅም። ዓይን ያየውን ተከትሎ የተሰጠ ፍርድ ነው። ልጁን የሚገድለው ግን ያው የወጣው ውኃና ጨው አለመተካቱ ነበር።

ደግሞስ ሐኪሞቹ ምን ያውቁ ነበር? እስከ 1973 ድረስ በሀብታም አገር ሆስፒታል የተኛ ሕፃን ሰገራው ተመርምሮ ብዙውን ጊዜ ምንም ባክቴሪያ አይገኝበትም ነበር። በዚያ ዓመት በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን የሕፃናት ሆስፒታል፣ ሩት ቢሾፕ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከታመሙ ሕፃናት ትንሹ አንጀት የተወሰደ ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ክብ ክብ ቫይረስ ተሞልቶበት አገኙት። በዓመቱ ቶማስ ፍሉዌት የመንኮራኩር ቅርጽ አይቶበት በላቲን «ሮታ» የሚል ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲያ በፈለጉበት አገር ሁሉ ተገኘ። አምስት ዓመት ሳይሞላው ሮታ ያልያዘው ልጅ በዓለም ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ የሜልበርኑም፣ የረሆቮቱም፣ የጎንደሩም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እናቶቻችንን የሚመለከተው ነገር ይሄ ነውና። ሮታ እንደ ኮሌራ የቆሸሸ ውኃ ብቻ የሚያመጣው በሽታ አይደለም። እጅግ ጥቂት ቫይረስ ሕፃኑን ለማሳመም ይበቃል፤ በእጅ ላይ፣ በመጫወቻ ላይ፣ በጨርቅ ላይ ይቆያል። የቧንቧ ውኃና ሳሙና ያለው ቤትም አላመለጠውም። በጣም የሚጠናው የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ልክ ጥርስ በሚወጣበት ጊዜ! ጥርሱ ለምን እንደተከሰሰ ያን ጊዜ ነው የገባን።

ቫይረሱ የሚያጠቃው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን፣ ምግብና ውኃ የሚመጡትን ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ነው። እነሱ ሲጎዱ የተጠጣው ውኃ ሳይመጠጥ ያልፋል። ይሁንና ስኳርና ጨው በልክ ተደባልቀው ሲሰጡ የቀረው ጤነኛ ክፍል ውኃውን ይዞ ያስገባዋል። ኦ.አር.ኤስ. የምንለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሠራው በዚህ ነው። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሕንዳዊ ሐኪም ኮሌራ በገባበት የስደተኞች ካምፕ መርፌው ሲያልቅበት ይህንኑ በበርሜል በጥብጦ ለቤተሰቦች አደለ፤ ከመቶ ታማሚ 30 ያህል ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ።

የእኛም አገር ሐኪሞች ሩቅ አልነበሩም። የሕፃናት ሐኪሙ ደምሴ ሀብቴ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ላይ ሮታን አግኝተው፣ ከወቅት ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጥ በ1981 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳትመዋል። እኚህ ሰው በኋላ ዳካ የሚገኘውን፣ ኦ.አር.ኤስ. ያደገበትን የተቅማጥ ምርምር ማዕከል መርተዋል። ከማኅበራችን ልጆች አንድም ሰው ስማቸውን አያውቅም ነበር፤ እኛም ጭምር።

እንግዲህ ወላጆቻችን በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲወርዱ ቫይረሱም ታውቋል፣ መድኃኒቱም በዓለም ላይ አለ። በ1984 ኡም ራኩባና ገዳሪፍ አካባቢ የነበረው ግን ሌላ ነው። በረሃብ የደከመ ሕፃን፣ ሺህ ሰው የሚቀዳው ውኃ፣ ኩፍኝ፣ ወባ፣ ተቅማጥ አንድ ላይ መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅባቸው ወደ ካምፑ ሐኪም መሄድ የሚፈሩም ነበሩ። በመንገድና በሱዳን ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ኩፍኙ የትኛውን ወሰደ፣ ሮታው የትኛውን፣ የለየው የለም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከ20,000 በላይ ሰው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጠባብ የኪራይ ቤት ታጨቀ። መጀመሪያ ላይ ሕፃናት በብዛት ሞቱ። ጆይንት ክሊኒክ ከፍቶ፣ ክትባት ሰጥቶ፣ የማኅበረሰባችንን ሰዎች አሠልጥኖ ቤት ለቤት ሲያስጎበኝ ሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀነሰ። በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲበር ከተሳፈሩት ሕፃናት መሀል በዚህ የተረፉ ነበሩ።

ረሆቮት ከደረስን በኋላስ? በሽታው አብሮን ኖሯል። በቂርያት ሞሼ ያደግን ሁሉ ክረምት ሲገባ አንዱ ቤት የጀመረው ተቅማጥ ደረጃውን እየወጣ ሕንፃውን እንደሚያዳርስ እናስታውሳለን። እናቶች ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ካፕላን ሆስፒታል ሚዩን ይሮጣሉ፤ ኢንፉዝያ ይገባለታል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይመለሳል። ከክትባቱ በፊት በእስራኤል በተቅማጥ ሆስፒታል ከሚተኙት አምስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉን ያስተኛው ሮታ ነበር። የሚከፈለው ዋጋ የሥራ ቀን ነው፤ በሰዓት ተቀጥራ ለምታጸዳ እናት ሦስት ቀን ቀላል አይደለም። ግን ልጁ ይመለሳል። ያው ቫይረስ ነው፣ ያችው እናት ናት፤ ልዩነቱ ሚዩኑ በእግር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስበት መሆኑ ነው።

ክትባቱም ቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያው በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በዓመቱ ተነሣ፤ ከተከተቡት ከ10,000 አንድ ያህሉን ሕፃን አንጀቱ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ስላስቸገረ። ሮታ እምብዛም ለማይገድልበት አገር ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ለሚገድልበት አገር ግን ተጨማሪ ዓመታት መጠበቅ ማለት ነበር፤ ይህን ስናነብ ተናደናል፣ አንደብቅም። ሁለቱ አዳዲስ ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ ከተፈተሹ በኋላ በ2006 ውጤታቸው ታተመ። በእስራኤል መጀመሪያ ገንዘብ ለሚከፍል ይገኝ ነበር፤ ከ2011 መግቢያ ጀምሮ በጢፓት ሐላቭ ለሁሉም በነጻ ሆነ፤ በሁለት፣ በአራትና በስድስት ወር። ሆስፒታል ከሚተኙት መሀል የሮታ ድርሻ በጥቂት ዓመታት ከግማሽ በላይ ወረደ።

ኢትዮጵያ በኅዳር 2013 ጀመረች። ከዚያ በፊት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2008 ባወጣው ግምት፣ ሮታ በአንድ ዓመት ውስጥ በኢትዮጵያ 28,000 ያህል ሕፃናት ይገድል ነበር፤ በቀን ከ75 በላይ ማለት ነው። በዓለም 453,000። ከግማሹ በላይ የሞተው በአምስት አገሮች ነበር፤ ሕንድ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ኮንጎና ኢትዮጵያ። ክትባቱ በአፍሪካ እንደ አውሮፓ አይሠራም፤ በጋና፣ በኬንያና በማሊ ሲፈተሽ ከአሥር ከባድ ሕመም አራቱን ያህል ነው የከለከለው፣ በአውሮፓ ዘጠኙን ያህል። ግን ከ28,000 አራት አሥረኛው ስንት ቤት እንደሆነ አስሉት።

ይህን ሁሉ ሰብስበን፣ ወደ አያትየዋ ቤት ተመልሰን በምናውቀው አማርኛ ነገርናቸው። እስኪያልቅ ሰሙን። ከዚያ፣ ሳንጠይቃቸው፣ «ሰባት ወሩ ነበር» አሉ። «ኅዳር ላይ፣ እህል ሲወቃ። ሁለት ጥርስ ከታች አውጥቶ ነበር።» የልጅ ልጃቸው ስሙን ጠየቀቻቸው፤ እሷም እስከዚያ ቀን አታውቀውም ነበር። ነገሯት። «ታዲያ ጥርሱ አልነበረማ?» አሉን። ጥርሱ አልነበረም አልናቸው። «ውኃ እኮ ለምኖኝ ነበር» አሉ።