የከተማ አየር ምስክር፦ የሉክሰምቡር መናፈሻ ላይከኖች

የታሪክ ተመራማሪ ማስረጃ የሚያገኘው ከብራና ብቻ አይደለም፤ የዛፍ ቅርፊትም አንዳንድ ጊዜ መዝገብ ይሆናል። ላይከን በቅርፊትና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚገኝ፣ ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት ፍጥረት ነው። ሥር ስለሌለው ውሃውንና ምግቡን በአብዛኛው ከዝናብና ከአየር ይቀበላል፤ ስለዚህ አየሩ ሲመረዝ እርሱም ይመረዛል።

ፊንላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልያም ኒላንደር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1866 በፓሪስ ከተማ በሉክሰምቡር መናፈሻ ያገኛቸውን ላይከኖች በየስማቸው ዘርዝሮ ጻፈ፤ የአየር ንጽሕና መለኪያ መሆናቸውንም ገለጠ። በ1896 ግን ከዚያው መናፈሻ ጠፍተው ነበር። ለዚህ ዋናው ምክንያት ከድንጋይ ከሰል ጢስ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንደ ነበረ ይታመናል። በ1970 ሀውክስወርዝና ሮዝ የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝና በዌልስ የዚህን ጋዝ መጠን በላይከኖች ዓይነት የሚገምት የደረጃ ሠንጠረዥ አወጡ። የከሰሉ ጢስ ከቀነሰ በኋላ ላይከኖች ወደ ሉክሰምቡር መናፈሻ መመለሳቸው በ1991 ታትሞ ወጣ።

ይሁን እንጂ መመለሳቸው አየሩ ፈጽሞ ጸዳ ማለት አይደለም፤ ናይትሮጅን የሚስማማቸው ዓይነቶች በተሽከርካሪ ጢስ መካከል ሊበዙ ይችላሉና። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ላይከን መኖሩ ብቻ ሳይሆን የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ጭምር ነው። የኒላንደር ዝርዝር በጊዜው ባይጻፍ ኖሮ መጥፋታቸውም መመለሳቸውም ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ከተማ አየሩ ሳይበላሽ በዛፎቹ ላይ የሚበቅለውን መመዝገብ ይገባዋል።